ሴሬቤለምን በደካማ ካረንት ማነቃቃት፦ ከፀጉር አጠባ እስከ ውጤት ንባብ

የማሽኑ ስክሪን 2 ሚሊአምፔር ያሳያል፣ 20 ደቂቃው ሞልቷል፣ ተሳታፊው ግን እንደ ወትሮው ነው። ይህን ያየ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሠርቷል፤ 2 ሚሊአምፔሩን ልኳል። መጠየቅ ያለበት ካረንቱ በየት በኩል አለፈ የሚለው ነው። በረጠበ አንገት ላይ ተንሸራቶ፣ ቅቤ የጠጣ ፀጉር ሸሽቶ በአንዲት ነጥብ ተሰብስቦ፣ ወይም የራስን መሐል መስመር ተሻግሮ ሌላውን ወገን ነክቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ሴሬቤለምን፣ ማለትም ከራስ ኋላ በታች ያለውንና እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን የአንጎል ክፍል፣ በደካማ ካረንት ስለማነቃቃት ነው፤ የተጻፈውም በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ባጸደቀው ጥናት ውስጥ ለሚሠሩ የፊዚዮሎጂ፣ የፊዚዮቴራፒና የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎችና ተማሪዎች ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በራሱ ላይ ለሚሞክር ሰው አይሆንም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በሁለት ሽቦ ራስ ላይ ማሰር አደገኛ ነው፤ ቆዳው እየራሰ ሲሄድ ሬዚስታንሱ (ካረንትን የመቋቋም መጠኑ) ይወርዳል፣ ካረንቱም የሚይዘው ሳያገኝ ይወጣል። ትክክለኛ ማሽን የሚባለው ቮልቴጁን እያስተካከለ ካረንቱን ባለበት የሚያጸና ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የትኛው ወገን?

ቀኝ እጅን የሚያግዘው ቀኙ ሴሬቤለም ነው። ቀኙ ሴሬቤለም ግን የሚገናኘው ከግራው የአንጎል ሞተር ክፍል፣ እንቅስቃሴን ከሚያዘው፣ ጋር ነው። በሴሬቤለሙ ላይኛው ንጣፍ ያሉት ፑርኪንዬ የሚባሉ የነርቭ ሴሎች ከበታቻቸው ያሉትን የሴሬቤለም ኒውክሊየሶች (የነርቭ ሴል ክምችቶች) ይጨቁናሉ፤ እነዚያ ደግሞ በታላመስ (በአንጎል መሐል ባለው የነርቭ መልእክት መተላለፊያ) በኩል ሞተር ክፍሉን ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ የፑርኪንዬ ሴል ሲበረታ ሞተር ክፍሉ ይታፈናል እንጂ አይነሣም። ይህን ያላጤነ ሰው ትክክለኛ ውጤት አግኝቶ “ተገለበጠብኝ” ይላል። ወገኑን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከተሳታፊው ጀርባ ቆሞ የሚሠራና ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቀኝና ግራን በቀላሉ ያምታታሉ።

ደረጃ 1፦ ዕቃ

1. ካረንት የሚያጸናና በባትሪ የሚሠራ ማነቃቂያ። ራስ ላይ እያለ ቻርጅ ለማድረግ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ፈጽሞ አይገናኝ።
2. ሁለት የጎማ ኤሌክትሮዶች፣ 5 በ5 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፖንጅ ጋር።
3. ኖርማል ሳላይን፣ 0.9 በመቶ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ በየክሊኒኩ ከረጢት የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ “ግሉኮስ” ይባላል። የከረጢቱን ጽሑፍ አንብቡ። ዴክስትሮስ ብቻ ያለበት ከረጢት ካረንት አያስተላልፍም። ሳላይን ከጠፋ 9 ግራም የገበታ ጨው በ1 ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሙት። የቧንቧ ውኃ ብቻውን አይሆንም፤ በቧንቧ ውኃ የራሰ ስፖንጅ ቆዳ ማቃጠሉ ይታወቃል።
4. ባለ 10 ሚሊሊትር ስሪንጅ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሚዶ፣ ሁለት የጎማ ማሰሪያ፣ አንድ ላስቲክ ፋሻ፣ ፎጣ።
5. ቴስተር። ገመድ ውስጡ ተቆርጦ ውጪው ደህና መስሎ ስለሚቀመጥ በየሳምንቱ ለኩት።

የአልትራሳውንድ ጄል ቅርባችሁ ስላለ ብቻ አትጠቀሙ። ድምፅ ለማስተላለፍ የተሠራ እንጂ ካረንት ለማስተላለፍ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር

ጥያቄውን ተሳታፊውን ለብቻ አድርጋችሁ ጠይቁ። ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ “የሚጥል በሽታ አለብህ ወይ?” የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ “የለብኝም” ይላል። በሌላ መንገድ ግቡ፦ “ራስህን ስተህ ወድቀህ ታውቃለህ? ለዚህ ብለው ጸበል ወስደውህ ያውቃሉ?” ታላቅ ሰው ከሆነ “ጋሼ”፣ “እትዬ” ብላችሁ፣ በአንቱታ፣ ቀስ ብላችሁ። “ኮረንቲ” የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ አትወርውሩት፤ ሰው የሚያስታውሰው የቤት መስመር የያዘውን ነው። ካረንቱ ከትንሽ ባትሪ የሚነሣ እንደሆነ፣ ማሳከክና መቆጥቆጥ እንደሚሰማው፣ በፈለገ ሰዓት “ይብቃኝ” ማለት እንደሚችል ንገሩት።

የሚከተሉት ያሉበትን አታስገቡ፦

- የሚጥል በሽታ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ራስ መሳት፤
- በራስ ወይም በአንገት ውስጥ ያለ ብረት። የቀዶ ጥገናን ብቻ ሳይሆን የቀረ የጥይት ፍንጣሪንም ጠይቁ፤
- የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፤
- እርግዝና፤
- ስፖንጁ በሚያርፍበት ቦታ ቁስል፣ ጭርት ወይም አዲስ የተላጨና የተፋቀ ቆዳ።

መድኃኒትም ጠይቁ። ለወባ የሚሰጡት ክሎሮኪንና ሜፍሎኪን፣ ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል፣ ለሳንባ ነቀርሳ አይዞናያዚድ አንጎልን ለመንቀጥቀጥ ሊያጋልጡ ይችላሉ። በሐይቁ ዙሪያ ወባ ስላለ ይህን ጥያቄ ከውጭ አገር ቅጽ እስክትቀዱት አትጠብቁ። ሌላም ሰው የሚዘነጋው አለ። ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ በሞተር ክፍል ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከካረንቱ በኋላ የሚቀረውን ለውጥ አጥፍቷል፤ ካርባማዘፒን የተባለው መድኃኒትም የአኖዱን (የአዎንታዊውን ኤሌክትሮድ) ውጤት አፍኗል። ሰው ሽሮፕን ከመድኃኒት አይቆጥረውም፤ “ሳል ይዞህ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጠሮውን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አድርጉ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ያልበላን ሰው አታስቀምጡ፤ ቢወድቅ ከረሃብ ይሁን ከካረንት አታውቁም። የጾመኛውን ቀጠሮ ከበላ በኋላ አድርጉት፣ ለሚቀጥለውም ቀጠሮ ያንኑ ሰዓት ያዙ። የጥምቀትና የገና ማግስትም አይሆንም፤ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው እንቅልፍ የለውም። ቡና የለመደ የለመደውን ያህል ይጠጣ፣ ያልለመደ ለዛሬ ብሎ አይጀምር። ጫት ያለበት ቀን ይተላለፍ። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ተሳታፊ ካለ ከመድረሱ በኋላ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

ደረጃ 3፦ ፀጉር

ብዙው ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎችም በአንድ መስመር ያልፉታል።

ቅቤ ካረንት አያሳልፍም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ የተቀመጠ ስፖንጅ በአንዳንድ ነጥብ ብቻ ቆዳ ይነካል፤ 25 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ሊሰራጭ የሚገባው ካረንት በጥቂቱ ላይ ይከማቻል። ስሌቱ ቀላል ነው። 2 ሚሊአምፔር ለ25 ሲካፈል በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 0.08 ሚሊአምፔር ነው። ስፖንጁ በ5 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ከነካ 0.4 ይሆናል፤ አምስት እጥፍ። ያን ጊዜ ቆዳ ይቆስላል።

1. ተሳታፊው ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቅቤ፣ ቅባትና ጄል እንዳይቀባ በስልክ ንገሩት። በዋዜማው በሻምፑ ሁለቴ ይታጠብ፣ ኮንዲሽነር አይጨምር።
2. ሹሩባ የተሠራች ሴት ፍቺው ብላችሁ አታስቸግሯት። ስትቀጠር “ከኋላ በኩል፣ ከማጅራት በላይ አራት ጣት ያህል ሳይሠራ ይቆይ” በሏት፣ ወይም ሹሩባዋን ከመሠራቷ በፊት ያለውን ቀን ቅጠሯት። ዊግ ወይም ተጨማሪ ፀጉር ከተሰፋበት ሌላ ቀን ይሁን።
3. በሚዶ ጫፍ ፀጉሩን በአግድም ከፋፍሉ፣ የራስ ቆዳው በመስመር በመስመር እስኪታይ።
4. የታየውን ቆዳ በሳላይን በረጠበ ጋዝ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። አትፈግፍጉ፣ በአልኮልም አታሹ። የተላጠ ቆዳ ሬዚስታንሱ ዝቅ ብሎ ካረንቱን ይስባል፣ ይቃጠላልም።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ማግኘት

1. ከተሳታፊው ጀርባ ቆማችሁ ጣታችሁን ከማጅራት ጎድጓዳ ወደ ላይ አንሸራቱ። መጀመሪያ የምታገኙት የአጥንት ጉብታ ኢኒየን ነው። ጉብታው በብዙ ሴቶችና ወጣቶች ላይ ስለማይጎላ ራሳቸውን ትንሽ ወደ ኋላ እንዲያዘነብሉ አድርጉና የአንገቱን ጅማት እየተከተላችሁ ከአጥንት ጋር እስከሚገናኝበት ውጡ።
2. ከኢኒየን ወደ ቀኝ ጆሮ ቀዳዳ ሜትሩን ዘርጉ፣ 3 ሴንቲሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በቆዳ ማርከር ይሁን፤ ሊፒስቲክ ደምቆ ቢታይም ቅባት ነው።
3. የስፖንጁን መሐል በምልክቱ ላይ አድርጉ።

ለምን 5 በ5? ባለ 5 ሴንቲሜትሩ ስፖንጅ መሐሉ 3 ላይ ሲያርፍ የውስጥ ጠርዙ ከመሐል መስመር 0.5 ሴንቲሜትር ይርቃል። ባለ 7 ሴንቲሜትሩን ስፖንጅ በአግድም ብትተኩ ጠርዙ መሐሉን በ0.5 ሴንቲሜትር አልፎ ወደ ግራ ይገባል። ብታቆሙት ደግሞ ከኢኒየን በላይ 3.5 ሴንቲሜትር ወጥቶ የማየት ክፍሉ ጋ ይደርሳል። ሁለቱንም ሴሬቤለም ማነቃቃት ከፈለጋችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መሐሉን ከኢኒየን 1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ በመሐል መስመር ላይ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ኤሌክትሮድ በቀኝ ጉንጭ ላይ፣ ጥርስ ሲነከስ ከሚወጠረው ጡንቻ ፊት ይቀመጥ። ግንባር ላይ አታድርጉት፤ ካረንቱ መላ አንጎሉን አቋርጦ ያልፍና ለውጡ ከሴሬቤለም ይምጣ ከሌላ አይለይም። ጢም ካለ ጉንጩን ከአንድ ቀን በፊት ይላጭ፣ በዚያው ጠዋት ግን አይሆንም። ጢሙን የማይላጭ ካህን ወይም ሽማግሌ ከሆነ የቀኝ ትከሻን ጡንቻ ተጠቀሙ፤ ምርጫውንም መዝግቡ፣ ከጉንጭ ተሳታፊዎች ጋር አትቀላቅሉ።

ደረጃ 5፦ ስፖንጁን ማራስና ማሰር

1. በእያንዳንዱ ስፖንጅ በአንዱ ገጽ 4፣ በሌላው ገጽ 4፣ ለአንድ ስፖንጅ በጠቅላላው 8 ሚሊሊትር ሳላይን በስሪንጅ አጠጡ። ስትጫኑት እንባ ያህል ይታይ እንጂ አይንጠብጠብ።
2. ፎጣ በትከሻ ላይ አድርጉ። ወደ አንገት የወረደ ሳላይን ለካረንቱ የአቋራጭ መንገድ ነው፤ ከስፖንጅ ወደ ስፖንጅ በቆዳ ላይ ይሄዳል፣ ሴሬቤለሙም ሳይነካ ይቀራል።
3. አንዱን ጎማ በግንባርና በኢኒየን ዙሪያ፣ ሁለተኛውን ከራስ አናት በአገጭ ሥር እሰሩ። የራስ ኋላ ቁልቁል ስለሆነ አንድ ጎማ ብቻ ከተጠቀማችሁ ስፖንጁ እያደር ወደ ላይ ይሳባል፤ በ20 ደቂቃ 2 ሴንቲሜትር ከሸሸ የምታነቃቁት የማየት ክፍሉን ነው። ጉንጩን በላስቲክ ፋሻ ያዙ። ነጠላ ወይም ሻሽ አትጠቀሙ፤ ጥጥ ሳላይኑን ይመጠዋል።
4. የጎማው ኤሌክትሮድ በየትኛውም ጠርዝ ቆዳ እንዳይነካ በጣታችሁ ዙሩት።

በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ስፖንጁን ቶሎ ያደርቃል። ቬንትሌተሩን ወደ ተሳታፊው ራስ አታዙሩ፣ በ10ኛው ደቂቃ ላይም 1 ሚሊሊትር ጨምሩ።

ደረጃ 6፦ መነሻ ልኬት

ፕላስቲሲቲ፣ ማለትም አንጎል ራሱን የመለወጥ አቅሙ፣ በዓይን አይታይም። የሚታወቀው በመነሻና በመጨረሻ፣ በእውነተኛና በማስመሰያ (ካረንቱ የተሰጠ መስሎ ቶሎ በሚጠፋበት) መካከል ባለው ልዩነት ብቻ ነው። መነሻ ያልተለካለት ሙከራ ያለፈ ካረንት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ውድ ዕቃ ለሌለው ላፕቶፕና ማውስ ይበቃል። ተሳታፊው ከመሐል ነጥብ ወደ ዙሪያው ወዳሉት 8 ኢላማዎች በፍጥነት ይጎትታል፤ እጁ እንዳይታየው በካርቶን ሣጥን ይሸፈን።

1. በኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ የማውስ ማፋጠኛውን አጥፉ። ካልጠፋ በፍጥነት ሲጎትት ጠቋሚው ከእጁ በላይ ይሄዳል።
2. 40 ጊዜ ያለ ምንም ለውጥ ያሠሩት። ይህ መነሻው ነው።
3. በማነቃቂያው ሰዓት ጠቋሚው ከእጁ አቅጣጫ 30 ዲግሪ ዞሮ ይታይ፤ 200 ጊዜ።
4. በመጨረሻ የ30 ዲግሪው መዞር ጠፍቶ 40 ጊዜ። እጁ ወደ ተቃራኒ ስቶ የሚሄድበት መጠን የተማረውን ያሳያል።

በኢላማው ጎን ሆን ብሎ ማነጣጠርን ተሳታፊው ከደረሰበት በሐሳቡ እየሠራ ነው፤ ሴሬቤለሙን አትለኩም። “ሁልጊዜ ኢላማውን ብቻ አነጣጥር” በሉት፣ ወይም 30 ዲግሪውን በአንዴ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ አሳድጉ።

ደረጃ 7፦ ካረንቱን መስጠት

1. ሬዚስታንሱን አንብቡ። ከ5 ኪሎኦም በታች ጥሩ ነው። ከ5 እስከ 10 ይቻላል። ከ10 በላይ ከሆነ አትጀምሩ፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። በ10 ኪሎኦም 2 ሚሊአምፔር ለመላክ 20 ቮልት እንደሚያስፈልግ አስቡት።
2. አኖዱ ሴሬቤለሙ ላይ መሆኑን በገመዱ ቀለም ሁለት ሰዎች ያረጋግጡ።
3. ካረንቱ በ30 ሰከንድ ቀስ ብሎ ወደ 2 ሚሊአምፔር ይውጣ።
4. 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በደረጃ 6 ያለውን የ200 ጊዜ ጉተታ ጀምሩ። አንዱ 4 ሰከንድ ቢወስድ 13 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ በ20 ደቂቃው ውስጥ ያልቃል።
5. በ20ኛው ደቂቃ በ30 ሰከንድ ይውረድ። ገመድ በሙሉ ካረንት ላይ እያለ አትንቀሉ፤ ተሳታፊው ብልጭታ ያያል፣ ይደነግጣል።

ለማስመሰያው ካረንቱ በ30 ሰከንድ ይወጣል፣ 30 ሰከንድ ይቆያል፣ በ30 ሰከንድ ይወርዳል፤ ስፖንጁ ግን 20ውንም ደቂቃ ይቆያል። ማሽኑን የሚከፍተውና ፈተናውን የሚሰጠው ሰው ይለያዩ። በ2 ሚሊአምፔር ብዙ ተሳታፊ እውነተኛውን ስለሚያውቀው በመጨረሻ “የትኛው ይመስልሃል?” ብላችሁ መልሱን መዝግቡ። ለአንድ ሰው ሁለቱን የምትሰጡ ከሆነ መካከሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሁን።

መሐል ላይ ሲበላሽ

ሬዚስታንሱ ወጣ፦ ስፖንጁ ደርቋል ወይም ሸሽቷል። በጣት ጫን አድርጉ፤ ከወረደ የማሰሪያ ችግር ነው። ካልወረደ 1 ሚሊሊትር ጨምሩ።

ሬዚስታንሱ ባልተጠበቀ ሁኔታ ከ1 ኪሎኦም በታች ሆነ፦ ደስ አይበላችሁ። ሳላይኑ ፈስሶ ሁለቱን ስፖንጆች ሳያገናኛቸው አይቀርም። አቁሙ፣ አንገቱን አድርቁ፣ እንደገና ጀምሩ።

“በአንድ ቦታ ያቃጥለኛል” አለ፦ ጠቅላላ ማሳከክ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበርዳል። በአንዲት ነጥብ የሚጸና ማቃጠል ግን የቁስል መጀመሪያ ነው። “ትንሽ ታገሥ” አትበሉ፤ ወዲያው አውርዱና ስፖንጁን አንሡ። የእኛ ሰው ለእንግዳና ለሐኪም ይሉኝታ ስላለው ዝም ብሎ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በየ5 ደቂቃው የማቃጠሉን መጠን ከ0 እስከ 10 እናንተው ጠይቁ።

መብራት ጠፋ፦ ማነቃቂያው በባትሪ ስለሆነ ይቀጥላል፤ ላፕቶፑም ቀድሞ ቻርጅ ይሁን። ክፍሉ ከጨለመና ፈተናው ከተቋረጠ የዚያን ቀን መረጃ ጣሉት። አትጠግኑት።

ማዞር ወይም ላብ ላብ አለው፦ ካረንቱን አውርዱ፣ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ የደም ግፊቱን ለኩ።

ደረጃ 8፦ የማግኔት ማነቃቂያ ላለው

የሴሬቤለምን ለውጥ በቀጥታ መለካት የሚቻለው በሁለት ኮይል (የማግኔት ምት በሚሰጥ የሽቦ ጥቅል) ነው፤ ለዚህ የሠለጠነ ሐኪም አጠገብ መኖር አለበት። አንዱ፣ ባለ ሁለት ሾጣጣው ትልቅ ኮይል፣ ከኢኒየን 3 ሴንቲሜትር በስተቀኝ ይቀመጣል፤ ሌላው በግራው ሞተር ክፍል ላይ። የሴሬቤለሙ ምት ከሞተሩ ምት በ5 ሚሊሰከንድ ይቅደም፤ የቀኝ ሌባ ጣት ጡንቻ ምላሽ ካነሰ ጭቆናው አለ ማለት ነው። የሞተር ክፍሉ ምት ብቻውን የሚሰጠው የጡንቻ ምላሽ ወደ 1 ሚሊቮልት ይጠጋ። ምቶቹን አደባልቁ፤ በ3 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚቀድም ምትም ጨምሩበት፣ በዚያ ጭቆና ካያችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ለሴሬቤለሙ ጠፍጣፋውን ባለ ስምንት ቅርጽ ኮይል አትጠቀሙ፤ ጥልቀት አይደርስም። የሴሬቤለሙ ምት ብቻውን እጅን ካንቀሳቀሰ ከአንጎል የሚወርደውን የነርቭ መስመር ግንዱ ላይ መትታችኋል፣ ኃይሉን ቀንሱ። የአንገት ጡንቻ ይወረወራል፣ ያማልም፤ የጆሮ መድፈኛም ግዴታ ነው። ማሽኑ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለብቻው በተዘረጋ መስመርና በስታቢላይዘር ይሥራ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪው ጋሊያና ባልደረቦቹ በዚሁ ዘዴ አኖዱ ጭቆናውን እንደሚጨምር፣ ካቶዱ (አሉታዊው ኤሌክትሮድ) እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ያልደገመላቸው ጥቂት አይደሉም። የሴሬቤለም እጥፋት በየሰዉ ስለሚለያይ ካረንቱ አንዱን ሴል ሲያነሣ ጎረቤቱን ሊያፍን ይችላል፤ የአንድ ሰው ውጤት ቢገለበጥ መዝገቡን አታርሙት።

ደረጃ 9፦ ማውለቅና መመዝገብ

ስፖንጁን ካነሣችሁ በኋላ ቆዳውን እዩ፣ ዳሰሱም። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ አይታይም፤ መጽሐፍ “መቅላት ካለ” ሲል እናንተ ሙቀትን፣ እብጠትን፣ ሲነካ ማመምን ፈልጉ። የጠቆረ ወይም ቅርፊት የሚመስል ነጥብ ካለ በውኃ አጥባችሁ ፎቶ አንሡ፣ ለኮሚቴው አስታውቁ፤ እስኪድን ድረስም ሌላ ዙር የለም።

በቅጹ ላይ ይግቡ፦ ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የመነሻና የመጨረሻ ሬዚስታንስ፣ ስፖንጁ ሲነሣ ከምልክቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሸሸ፣ የተጨመረ ሳላይን፣ የጠጣው ቡና ስኒ ቁጥር፣ የፀጉሩ ሁኔታ። ስፖንጁን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁ፤ ጨው የደረቀበት ስፖንጅ በሚቀጥለው ቀን እኩል አይርስም። በማግስቱ ደውላችሁ ራስ ምታት፣ የአንገት ሕመም ወይም የቆዳ ለውጥ እንዳለ ጠይቁ፣ መልሱንም በዚያው ቅጽ ላይ ጻፉ።